የአራስ ቤቱ ከሰል

ሁለቱ ዶሮዎች ሞተው አደሩ። ለአራስ መረቅ የተገዙ ቄቦች ነበሩ፤ ከልጄ አልጋ እግር በገመድ ታስረው ነው የሚያድሩት። ጎሕ ሲቀድ ምድጃውን ልቆሰቁስ ጎንበስ ስል እግሬ ለስላሳ ነገር ነካ። አንዷን አንስቼ በበሩ ስንጥቅ ወደሚገባው ብርሃን አስጠጋኋት። አውሬ አልነከሳትም፣ አልደማችም፣ አንገቷም አልተቆለመመ። ዶሮ ሲሞት ራሱ ላይ ያለው ሥጋ እንደሚጠቁር ዶሮ ያረባች ሴት ሁሉ ታውቃለች። የዚች ግን ቀይ ነበር። በቁሟ ከነበረው ይብስ የቀላ፣ የበርበሬ ቀይ።

ልጄ ማሪቱ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ምንድን ነው እማ አለችኝ። ድምፅዋ ከእንስራ ውስጥ የሚወጣ መሰለኝ። ልመልስላት አፌን ከፈትሁ፤ የምለው ቃል ጠፋኝ። ዶሮ የሚለው ቃል ነው የጠፋኝ። በእጄ ይዣት ስሟን አጣሁት። ጉልበቴም ከዳኝና ምድጃው አጠገብ ቁጭ አልሁ።

የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ምን እንደሆነ አላወቅሁም፤ ብቻ አንድ የሚገድል ነገር በዚያ ክፍል ውስጥ ከእኛ ጋር ይኖራል።

የልጄ አማት እመት ጥሩነሽ ዶሮዎቹን ሲያዩ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። በአራሷ ላይ የመጣውን ክፉ ነገር ዶሮዎቹ ወስደውላታል አሉ፤ ጎረቤት ጠርተው እልል አስባሉ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ እልልታውን ሰማሁ። አንቱ የምላቸው ለዕድሜያቸው ነው፤ ስታነቡት ይህ ይታወቅልኝ።

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቱ ባይኖር በዚህ በሚንቀጠቀጥ እጄ ብዕር አልይዝም ነበር። እኔ የቁሐር ሚካኤል ሴት ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት ከአጎቴ ከቄሱ እግር ሥር ነው፤ ዳዊት ሳልደግም ለባል ሰጡኝ። ያቺው የቆጠርኋት ፊደል ትበቃኛለች። ዛሬም በየቤቱ አራስና ሕፃን ዘግተው ከሰል የሚያነዱ አሉና ይስሙኝ።

ማሪቱን ወረታ ላይ ለሱቅ ነጋዴ ዳርናት። አያሌው ይባላል፤ ሱቁ የደብረ ታቦር መንገድ ከጎንደሩ መንገድ በሚገነጠልበት ላይ ነው። ከሱቁ ጀርባ ቆርቆሮ ቤት ሠራ። በዚያ ሰፈር ቆርቆሮ ከለበሱት የመጀመሪያው ስለሆነ እናቱ እመት ጥሩነሽ ዝናብ ሲዘንብ እንግዳ ይጠሩ ነበር፤ ጣሪያው ሲጮኽ እንዲሰማላቸው። እኛን የሣር ቤት ሰዎች ሲያዩ ይስቃሉ። እናንተ ጭስ ውስጥ ተወልዳችሁ ጭስ ውስጥ ትሞታላችሁ፣ የእኔ ልጅ ቤት ጭስ የሚባል የለም ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ጭስ አልነበረም። እንጨት ሲነድ ዓይንሽን ያስለቅስሻል፣ ያስልሻል፣ ወደ ደጅ ያባርርሻል። የሚያባርርሽ ጭስ ወዳጅሽ ነው። ከሰል ግን ዝም ብሎ ነው።

ማሪቱ የወለደችው በሐምሌ፣ ርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን በዋጠበት ጊዜ ነው። ሴት ልጅ ወለደች። አራስ ብርድ እንዳይመታት፣ ዓይን እንዳይገባባት፣ ቢንቢም እንዳይበላት ተብሎ ቤቱ ተደፈነ። መስኮቱን በሚስማር መቱት። ግድግዳው እንደገና በጭቃና በእበት ተመረገ። በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ያለችውን፣ ድንቢጥ የምትገባባትን ክፍተት እንኳ በጆንያ ጠቀጠቋት። በሩ ላይ ድርብ ጋቢ ተሰቀለ። ከዚያ ምድጃው ገባ፤ ቀንም ሌሊትም ከሰል ይነዳል። እስከ ክርስትናዋ ይነዳል፤ የሴት ልጅ ክርስትና ደግሞ ሰማንያ ቀን ነው።

እኔ አራስ ጠያቂ ሆኜ መጥቼ እዚያው ቀረሁ። ገንፎውን የማገነፋው፣ መረቁን የማሞቀው፣ ከሰሉን የምጨምረው እኔ ነኝ። ፊቴ ሁልጊዜ ምድጃው ላይ ነው። ማሪቱ ጎሕና ምሽት ቢላዋ ይዛ ለሽንት ወደ ደጅ ትወጣለች፤ እኔ ስሸኛትም እቸኩላለሁ፤ እሳቱ እንዳይጠፋ።

መጀመሪያ ራሴን ነው ያመመኝ። ሰንሰለት ግንባሬን ዞሮ የሚያጠብቅብኝ ይመስላል። ከዚያ ማቅለሽለሽ መጣ። ከዚያ መርሳት። ገንፎው ላይ ጨው ጨምሬ መልሼ እጨምራለሁ፤ እመት ጥሩነሽ ቀምሰው፣ ቁሐሮች ዘንድ ጨው ርካሽ ነው እንዴ ብለው ሳቁብኝ። ማሪቱም ሳቀች። ልጄ ስትስቅ ደስ አለኝና እኔም ሳቅሁ። ሳቄን ግን ማቆም አቃተኝ፤ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

ክሊኒክ ሂጂ አሉኝ። ሄድሁ። ከመንገዱ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ በረንዳዋ ላይ ሰው ተደርድሮ ይጠብቃል። ወባ የያዘው በነጠላ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል፣ እግሩ ያበጠ አለ፣ ልጅ የታቀፈች አለች። ተራዬ እስኪደርስ ከጧት እስከ ቀትር ነፋስ ላይ ቁጭ አልሁ። ስቀመጥ ስቀመጥ ሰንሰለቱ ከግንባሬ ላላ። ምግብ አማረኝ። አጠገቤ ካለችው ሴት ጋር ወሬ ጀመርሁ። መርፌ ወጊው ድሬሰር ሲጠራኝ ደህና ሰው ሆኜ ነው የገባሁት።

ቀና ብሎ ሳያየኝ ምንሽን ነው አለኝ። ራሴን ያመኛል፣ ቤት ውስጥ ስሆን ይብስብኛል፣ ደጅ ስወጣ ይለቀኛል ብዬ ነገርሁት። በእነዚሁ ቃላት ነው የነገርሁት። ሰምቶ ቢሆን ኖሮ መልሱ እዚያው ውስጥ ነበር። እሱ ግን ሳቀ። ታዲያ ደጅ ተቀመጪያ አለኝ። ቀጥሎም በፎገራ ሜዳ የታመመ ሁሉ ወባ ነው ብሎ መርፌ ወጋኝና ኪኒን ሰጠኝ። ኪኒኑ ጆሮዬን አስጮኸው፤ ሌላ ያደረገልኝ የለም። ወደ ቤት ተመለስሁና ከሰሉ ላይ ጎንበስ አልሁ።

እንደገና ሄድሁ። እንደገና በረንዳው አዳነኝ፤ እንደገና ድሬሰሩ ጤነኛ ሴት አየ። ሦስተኛ ስሄድ ሥራ ፈት ሆነሽ ነው አለኝ። የምጠብቅበት ቦታ መድኃኒቴ እንደሆነ፣ የምድንበት ሰዓትም ለሐኪሙ የምታይበት ሰዓት እንደሆነ ማን ይንገረኝ? ከዚያ ወዲያ ክሊኒኩን ተውሁት።

ዶሮዎቹ የሞቱት በዚህ መሐል ነው። እልልታው ሲበርድ እመት ጥሩነሽ ነገሩን አሰቡበት። ክፉው ነገር ከየት መጣ? መልሱም ተገኘ፤ ከውዴ።

ውዴ ሸክላ ሠሪ ናት። ቤቷ ከሱቁ ማዶ ነው። ምድጃውን የሠራችው እሷ ናት። ማሪቱ የወለደች ሰሞን እንኳን ማርያም ማረችሽ ልትል መጥታ ሕፃኗን አይታ፣ ምን የመሰለች ልጅ ናት ብላ ነበር። ሌላዋ ሴት ብትለው ምርቃት ነው። ሸክላ ሠሪ ስትለው ቡዳ ሆነ። ቡዳዋ በምድጃዋ በኩል ገብታ ዶሮዎቹን በላች፣ አሁን አያቲቱን እየበላች ነው ተባለ። አያቲቱ እኔ ነኝ።

ደብተራ አስመጡ። ምድጃው ላይ የማላውቀውን ቅጠልና ሥር ጨምሮ፣ ጋቢ አልብሶ፣ ከነምድጃው አፈነኝ። የበላሽን ስም ተናገሪ ይለኛል። ጋቢውን ለመግለጥ እታገላለሁ፤ እመት ጥሩነሽ ጫፉን በጉልበታቸው ረግጠዋል። ጋኔኑ ነው የሚታገለው ይላሉ። እኔ ነኝ የምታገለው! እኔ፣ የማሪቱ እናት፤ አየር ብዬ ነው የምታገለው። ከዚያ ወዲያ የማውቀው የለም።

የነቃሁት ጭቃ ላይ ነው። የሞትሁ መስሏቸው ተሸክመው ግቢው ውስጥ አጋድመውኛል፤ ዝናቡ ፊቴ ላይ ይወርዳል። ዝናቡ ነው ያዳነኝ። ዓይኔን ስገልጥ ደብተራው፣ ይኸው ለቀቃት አለ፤ ዋጋውንም ተቀብሎ ሄደ።

የሚቀጥለው ነገር ነው ከሁሉ የሚያናድደኝ። የውዴን ምድጃ አውጥተው ደጃፏ ላይ ከሰከሱት። ሌላ እስኪገዛ ቤቱ እሳት አልነበረበትም። እኔም ተሻለኝ! ምግብ በላሁ፣ የሰው ስም አስታወስሁ፣ ማሪቱም ራሴን ለቀቀኝ አለች። እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ? ምድጃዋ ወጣ፣ በሽታው ወጣ። መንገድ ላይ ልጆች ውዴን ላለማየት ዓይናቸውን ይሸፍኑ ጀመር። ውዴ ውሃ ለመቅዳት ስትወጣ ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው ከእሷ ርቀው ዞረው ይሄዳሉ። አንድም ሰው፣ የጠፋው ምድጃው ብቻ ሳይሆን እሳቱም ነው አላለም።

ከዚያ አያሌው ከበርሜል የተቆረጠ የብረት ምድጃ ገዛ። ከሸክላው የሰፋ ነው፤ ከሰል ይውጣል። በማግሥቱ ገንፎ እያገነፋሁ ወደ እሳቱ ወደቅሁ። ማሪቱ ናት ጎትታ ያወጣችኝ፤ አራስ ልጄ።

ባለቤቴ ካሳ ከቁሐር በታንኳ መጣ። ሜዳው ሁሉ ውሃ ስለሆነ ሌላ መንገድ የለም። እሱ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። አየኝና ለእመት ጥሩነሽ፣ ሚስቴን ሰጥቻችሁ ነበር፣ ምኗን ነው የምትመልሱልኝ አላቸው። ታንኳው ላይ አጋደመኝና ወሰደኝ። ማሪቱ በጋቢው ሥር ፊቷን አውጥታ አየችኝ፤ እማ ትመለሻለሽ አለችኝ። አዎ ያልኋት መስሎኛል።

በሣር ቤታችን ራስ ምታቱ ለቀቀኝ። ዳነች ተባለ። ግን ሳምንታት ካለፉ በኋላ ሌላ ነገር መጣ። እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ክር በመርፌ ማስገባት ቀርቶ ዋንጫ ማንሳት አቃተኝ። ስሄድ እግሬ መሬቱን አያገኘውም። አንድ ቀን ካሳን አንተ የማን ልጅ ነህ ብዬ ጠየቅሁት። ሌሊት ሌሊት ማንነቴን እየቆጠርሁ አድራለሁ፤ ስሜ፣ የአባቴ ስም፣ የልጄ ስም። አንዱ ቢጎድል ብዬ ነው የምፈራው። የልጄን ስም ብረሳ ብዬ።

ካሳ ጊደር ሸጠ፤ ወደ ጎንደር በአውቶቡስ ወሰደኝ።

እዚያ ሐኪም ቤት በረንዳው ረጅም ነው፤ ሰዉም ብዙ። ከአንዲት ከበለሳ ከመጣች ሴት ጋር አንድ ዳቦ ተካፍለን በላን፤ እጄ ሲንቀጠቀጥ አይታ ቆርሳ አጎረሰችኝ። ስሟን አልጠየቅሁም፤ እግዜር ይስጣት። ተራዬ ሲደርስ አንድ ወጣት ሐኪም ነው የገባሁበት። ይህም ይስቅብኛል ብዬ ቆርጬ ነው የገባሁት፤ ስለዚህ እንደ ቁጣ አድርጌ ሁሉንም ዘረገፍሁለት። በረንዳውን፣ ዝናቡን፣ ጋቢውን። ዶሮዎቹ ላይ ስደርስ እጁ ቆመ።

«ሲሞቱ መልካቸው ምን ይመስል ነበር፣ እናቴ?»

ቀይ አልሁት። ራሳቸው ላይ ያለው ሥጋ ከወትሮው ይልቅ ቀይ።

«በዚያ ክፍል ውስጥ አሁን ማን አለ?»

«ልጄና አራስ ልጇ።»

ብዕሩን አስቀመጠ።

ከዚያ አስረዳኝ። ቸኩሎ ነበር፤ እኔ ግን እንዲገባኝ ደጋግሜ ጠየቅሁት። ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ ያወጣል አለኝ። ደማችን አየር የሚጭን አህያ ነው፤ መርዙ የአየሩን ቦታ ቀድሞ ይይዝና አህያዋ ተጭና ትሄዳለች፣ የጫነችው ግን አየር አይደለም። ደሙም በመርዙ ይቀላል። ዶሮ ትንሽ ስለሆነች፣ ትንፋሿም ፈጣን ስለሆነ ቀድማ ትሞታለች። ቀጥሎ የሚመጣው ሕፃን ነው።

አንጎሌስ ምን ሆነ አልሁት። አንጎል ከቁጥር በላይ በሆኑ ጥቃቅን ፍሬዎች የተሠራ ነው አለኝ፤ ሕዋስ ይሏቸዋል። በየፍሬው ውስጥ ደግሞ ከፍሬውም ያነሱ ምድጃዎች አሉ። ምግብን በአየር እያነደዱ ፍሬውን በሕይወት የሚያኖሩት እነሱ ናቸው። ሚቶኮንድሪያ ብሎ ጠራቸው። ለአፌ አልመች አለኝ፤ እኔ የአንጎል ምድጃ ነው የምላቸው። ሌላው አካል ስንቅ አለው፣ ጥቂት ይታገሣል፤ አንጎል ስንቅ አይቋጥርም። አየር ሲያጥር ምድጃዎቹ ወዲያው አይሞቱም፤ እሳታቸውን ይቀንሳሉ። ሰው ቃል የሚጠፋው፣ ጉልበቱ የሚከዳው ያን ጊዜ ነው። ቶሎ አየር ካገኙ መልሰው ይነዳሉ። ከቆዩ ግን ያብጣሉ፣ ይሰነጠቃሉ፤ የተሰነጠቀው አየር ቢመጣለትም አይነድም። ጉዳቱም አንዳንዴ ዳነ ከተባለ በኋላ ነው የሚገለጠው፤ እጅ መንቀጥቀጡ፣ መርሳቱ ያ ነው።

ይህ ገባኝ። ማታ ረመጥ ዳፍኜ ጧት ገልጬ እፍ የምል ሴት ነኝ። የተዳፈነ ፍምና የሞተ ከሰል ሲያዩት አንድ ነው፤ እፍ ሲሉት ነው የሚለየው። ታዲያ የእኔ የተዳፈነ ነው ወይስ የሞተ አልሁት።

«አብዛኛው የተዳፈነ ይመስለኛል፤ አየርና ጊዜ ይፈልጋል። እዚያ ክፍል ተመልሰው ከገቡ ግን ዋስ አልሆንም።»

አልጋ ይዤ እንድተኛ ፈለገ። እኔ ልተኛ? ሦስት ሰው የሚያህል ቁጣ ይዞኝ ተነሣሁ። ድሬሰሩን፣ ደብተራውን፣ ጋቢውን የረገጠውን ጉልበት እያሰብሁ ነው የተነሣሁት፤ እግሬ መሬቱን አገኘው። ሐኪሙ ከለከለኝ፤ ከዚያ የልጄን ነገር አስቦ ተወኝ። ቤቱን ክፈቱት፣ ደጅ አውጧቸው፣ ሌላ መድኃኒት የለኝም አለ።

ወረታ እስክንደርስ አውቶቡሱ ውስጥ የማሪቱን ስም በልቤ እደጋግም ነበር። ርብ ድልድይ ላይ ሹፌሩ ጎርፉን ለማየት ሲያቆም ጮህሁበት። ተሳፋሪው ያበድሁ መሰለው፤ ካሳ አንገቱን ደፋ።

ስንደርስ እመት ጥሩነሽ በሩ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ብድግ አሉ። የሐኪሙን ቃል ነገርኋቸው። ሕፃኗ ከጧት ጀምሮ ጡት አልያዘችም፣ ማሪቱም ተኝታለች፣ አራስ ትተኛለች አሉ። ደግሞ እንዲህ አሉኝ፤

«ልጅቷ ደህና ናት። ጉንጯን ብታዪው ሙቀቱ ተስማምቷት ቀልታለች።»

ቀልታለች ሲሉ ዶሮዋ በእጄ ላይ መጣች።

ክፈቱልኝ አልሁ። አያሌው ከሱቁ ወጥቶ መጣ። በእናቱና በእኔ መካከል ቆሞ፣ እማማ ይረጋጉ ይለኛል፣ እናቱንም አንቺ ተይ ይላል፤ ማንንም አይነካም። እመት ጥሩነሽ ክንዳቸውን በሩ መቃን ላይ ዘረጉ።

«አራስ ከክርስትናዋ በፊት ነፋስ አትመታም። በልጄ ቤት የማዝ እኔ ነኝ።»

«እርስዎ በሩን ይጠብቁ፤ እኔ በግድግዳው እመጣለሁ» አልኋቸው።

ከግቢው ጥግ እንጨት መፍለጫው መጥረቢያ ነበር። አነሣሁት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ የመጀመሪያው ምት ማገሩን ስቶ ጭቃውን ብቻ ላጠው። ሁለተኛው ገባ። ያን አዲስ ምርጊት፣ ያን የተኮሩበትን፣ በእበት የታሸውን ቆረስሁት። እመት ጥሩነሽ የልጄን ቤት አፈረሰችው ብለው ሰፈሩን ጠሩ። ይጥሩ። ሦስት አራት ከመታሁ በኋላ ካሳ መጥረቢያውን ከእጄ ወሰደ። የሚከለክለኝ መስሎኝ ልነክሰው ነበር። እሱ ግን በሚስማር የተመታውን መስኮት በአንድ ምት ገነጠለው።

በቀዳዳው ማሪቱ ብዬ ጠራሁ። መልስ የለም። ማሪቱ! መልስ የለም። ያን ጊዜ አያሌው እናቱን ገፋ አድርጎ ገባ። ገፋ ማድረጉን ከቁጥር አስገብቼለታለሁ። ልጄን በጋቢዋ እንዳለች ተሸክሞ አወጣትና በረንዳው ላይ አስቀመጣት፤ ዓይኗ ይዞራል፣ አፏ ይከፈታል፣ ቃል የላትም። እኔ ያን የቃል ማጣት አውቀዋለሁ። ተመልሶ ገብቶ ሕፃኗን አመጣ። ጉንጯ ቀይ ነው፣ አንገቷ እንደ ጨርቅ ዝሏል። አታለቅስም።

ተቀበልኋት። እጄ ግን ይንቀጠቀጣል፤ ልጥላት ሆነ። ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ ቆሟል፤ ማዶ ደግሞ ውዴ ከራሷ ደጃፍ ሳትሻገር ታያለች። መሻገር የተከለከለች ናት።

«ውዴ፣ ነዪ፣ ሕፃኗን ያዢልኝ» አልኋት።

ውዴ ዙሪያዋን አየች፤ ከዚያ መጣች። ሸክላ የሚይዝ እጅ ነው፤ አይንቀጠቀጥም። ሕፃኗን ከጥቅልሏ ፈታ ደረቷን ወደ ነፋሱ አዙራ ያዘቻት። ካፊያ ነበር። ጠብታው ፊቷ ላይ ሲያርፍ ሕፃኗ አፏን አጣመመች። ተነፈሰች። ከዚያ አለቀሰች፤ መጀመሪያ እንደ ድመት፣ ቀጥሎ ወረታን የሚቀሰቅስ ልቅሶ። እመት ጥሩነሽም ሰምተዋል። ለውዴ እስካሁን ይቅርታ ያላት የለም፤ ምድጃዋንም የተካላት የለም። ይኸው ጻፍሁት።

ከዚያ ወዲያ ስለ እጄ የሚጠይቁኝ አሉ። ከነበረበት ተሽሎታል፤ ዛሬ ክር በመርፌ አስገባለሁ፣ ከብዙ ስድብ በኋላ። አንዳንድ ቃል አሁንም ይጠፋኛል፤ እጠብቀዋለሁ፣ ይመጣል። ማሪቱ ራስ ምታቷ ቶሎ ለቀቃት። ሕፃኗ አንገቷን ለመያዝም ለመሄድም ዘገየች፤ ግን ሄደች። እናንተ አራስ ያላችሁ፣ ቆርቆሮ ቤት የሠራችሁ፤ ከሰሉን ደጅ አቀጣጥላችሁ ደጅ አብስሉበት። አራሷን በብርድ ልብስ አልብሷት እንጂ በእሳት አትዝጉባት። ቤት ውስጥ ራሱን የሚያመው፣ ደጅ ሲወጣ የሚለቀው ሰው ካለ፣ ቡዳውን ሳትፈልጉ በሩን ክፈቱ።

ግድግዳውን ያፈረስሁ ቀን ወረታ አላደርንም። አያሌው ሊከለክለን አፉን ከፈተና ፊቴን አይቶ ዘጋው። ካሳ ከዳር ታንኳ ለምኖ አቀረበ። እመት ጥሩነሽ ከኋላችን፣ አራስ በታንኳ፣ ጉድ በሉ ይላሉ። ማሪቱን መሐል አስቀመጥናት፣ ሕፃኗ ጡት ያዘች፤ ስትምግ ይሰማል። ከጣና በኩል የሚመጣው ነፋስ ውሃውን እያጎፈረ ፊታችንን ይመታናል። ማሪቱ ቁሐር ሚካኤል ከነዛፎቹ ብቅ ሲል፣ እማ ብርድ ነው አለችኝ። ነጠላዬን ደረብሁላት እንጂ ነፋሱን አልከለልሁባትም።

ታንኳው የቤታችንን ዳገት ነካ። ካሳ ልጄን አወረዳት፣ ሕፃኗን አቀበልሁት፣ በመጨረሻ እኔ ወረድሁ፤ እግሬም መሬቱን አገኘው። እኔ፣ ልጄና የልጅ ልጄ፣ ሦስታችንም ደርሰናል። ድነናል።